ለካኑ ጉዞ የሚሆን የዝናብ ልብስ አመራረጥ፦ ወደ ሚኒሶታ ሰሜናዊ ሐይቆች ለሚሄዱ

ሚኒሶታ ውስጥ ለሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ባውንደሪ ዋተርስ የሚባለው የሐይቆች ምድር ሩቅ አይደለም። ከሚኒያፖሊስ ተነሥቶ ኢሊ ከተማ ለመድረስ የአራት ሰዓት ያህል መንዳት ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሱቅም መጠለያም የለም። ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለውና ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሐይቆችን የያዘው ይህ ጥብቅ ዱር እስከ ካናዳ ድንበር ይዘልቃል፤ ከጥቂት ሐይቆች በስተቀርም የሞተር ጀልባ አይገባበትም። ሰው የሚጓዘው በካኑ፣ ማለትም በጠባብና ቀላል ታንኳ እየቀዘፈ ነው፤ አንዱ ሐይቅ ሲያልቅ ታንኳውን በትከሻው፣ ጓዙን በጀርባው ተሸክሞ በጫካ ውስጥ ባለ ቀጭን መንገድ ወደሚቀጥለው ሐይቅ ይሻገራል። ይህ የመሸከሚያ መንገድ ፖርቴጅ ይባላል።

ገበያ ላይ ያለው የዝናብ ልብስ በአብዛኛው የተሰፋው ለሚራመድ ሰው ታስቦ ነው። ታንኳ ውስጥ ያለ ሰው ግን ይቀመጣል፣ ይንበረከካል፣ እጁን ቀኑን ሙሉ ያነሣል ይጥላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከባድ ሸክም ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። በዚህ ምክንያት የጃኬቱ ዋጋና በመለያው ላይ የሰፈረው ቁጥር ከሚነግሩን ይልቅ እጅጌው፣ ወገቡና የሱሪው መቀመጫ የሚነግሩን ይበልጣል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተቃኙት በዚህ አመለካከት ነው።

አንደኛ፦ የሚጓዙበትን ወር ከዝናቡ ጋር ያገናዝቡ

የመግቢያ ፈቃድ በኮታ የሚሰጠው ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ሲሆን፣ በእነዚህ አምስት ወራት ውስጥ ያለው የአየር ልዩነት ሰፊ ነው። የሐይቆቹ በረዶ ብዙውን ጊዜ የሚቀልጠው በኤፕሪል መጨረሻ ወይም በሜይ መጀመሪያ ስለሆነ፣ በሜይ የሚጓዝ ሰው አየሩ 15 ዲግሪ ቢሆንለት እንኳ ውኃው ገና ከ10 ዲግሪ በታች ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። በጁላይ ቀኑ ወደ 25 ዲግሪ ይሞቃል፤ ዝናቡም ብዙ ጊዜ ነጎድጓድ ያለው፣ በኃይል ወርዶ ቶሎ የሚያልፍ ነው። በሴፕቴምበር ደግሞ ከንፋስ ጋር የተቀላቀለ ካፊያ ቀኑን ሙሉ ሊውል ይችላል። የአዲስ አበባን ነሐሴ የሚያውቅ ሰው ይህን ዓይነት ዝናብ ለማወቅ አይቸገርም፤ ልዩነቱ እዚህ ጠጋ የሚሉበት ታዛ አለመኖሩ ነው።

ልብሱን መምረጥ የሚገባዎ ለጉዞው መካከለኛ ቀን ሳይሆን ለቀዝቃዛው ቀን ነው። በጁላይ ለሚሄድ ሰው ቀለል ያለ ጃኬትና ሱሪ ይበቃል፤ በሜይና በሴፕቴምበር ግን ወፍራም ጨርቅና ከሥሩ ሌላ ሙቅ ልብስ የሚያስገባ ሰፊ ልክ ያስፈልጋል። በየትኛውም ወር ቢሆን ሱሪው አይቀርም።

ሁለተኛ፦ ጨርቁን ይወስኑ

ለቁም ነገር የሚሆነው የዝናብ ልብስ በአሠራሩ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ከውጭው ጨርቅ ሥር ውኃ የማያሳልፍና እንፋሎት የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን የተለጠፈበት ነው፤ ከዚህ ዓይነቱ ይበልጥ የታወቀው ጎር-ቴክስ ነው። አሜሪካዊው ቦብ ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 ቴፍሎን በሚል ስም የምናውቀውን ፕላስቲክ አሙቆ በድንገት ሲለጥጠው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ነገር ሆኖ አገኘው። ቀዳዳዎቹ ለውኃ ጠብታ ጠባብ፣ ለላብ እንፋሎት ግን ሰፊ በመሆናቸው ከ1976 ጀምሮ በልብስ መልክ ለገበያ ቀረበ።

ይህ አሠራር ለተራራ ተጓዥ መልካም ነው፤ ታንኳ ላይ ግን ሁለት ነገሮች ያሰናክሉታል። እንፋሎት ወደ ውጭ የሚገፋው በልብሱ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ይልቅ ሲሞቅና ሲረጥብ ነው፤ ዝናብ እየወረደ ባለበት ሰዓት ሐይቅ ላይ ያለው አየር ራሱ በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ ግፊቱ ይደክማል። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው ምክንያት ላይፍ ጃኬቱ፣ ማለትም ውኃ ውስጥ የወደቀን ሰው የሚያንሳፍፈው ሰደርያ ነው። ደረቱና ጀርባው በወፍራም ስፖንጅ የተሸፈነ ሰው ከሥሩ የለበሰው ጃኬት የቱንም ያህል ቢተነፍስ እንፋሎቱ የሚወጣበት ስለሌለ፣ በተግባር የሚተነፍሱት እጅጌዎቹ ብቻ ናቸው። ለዚህ ትንፋሽ ብሎ ከ300 ዶላር በላይ መክፈል፣ ጃኬቱን ለሌላ ጉዞም ካልተጠቀሙበት በቀር፣ አያዋጣም የሚል አስተያየት አለኝ።

ሁለተኛው ዓይነት በውስጥ በኩል ፖሊዩሬታን የተቀባ ጠንካራ ናይለን ነው። እንፋሎት እምብዛም አያሳልፍም፤ ነገር ግን ውኃ በደንብ ይከላከላል፣ በፖርቴጅ ላይ ቅርንጫፍ ሲጎትተው በቀላሉ አይቀደድም፣ ዋጋውም መካከለኛ ነው። በብብቱና በፊቱ የሚከፈት ዚፕ ካለው የሚጎድለውን ትንፋሽ በአብዛኛው ያካክሳል። ለአብዛኛው ተጓዥ የምመክረው ይህንን ነው።

ሦስተኛው ዓሣ አጥማጆች የሚለብሱት፣ ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ወፍራም ልብስ ነው። ጨርሶ ውኃ አያሳልፍም፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ሲታጠፍ ቦታ ይይዛል፣ በፖርቴጅ ላይም ያፍናል። እንዲያም ሆኖ ተገቢ ቦታ አለው፤ በታንኳው መካከል ያለ ሥራ የሚቀመጥ ሕፃን አይቀዝፍም፣ ስለማይቀዝፍ አያልበውም፣ ስለማያልበው ለሚተነፍስ ጨርቅ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም፤ እርሱ የሚያስፈልገው ንፋስና ውኃ የማያስገባ ወፍራም ልብስ ነው። ወረቀት የሚመስለውን ርካሽ ሬንኮት በተመለከተ ግን ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው ቁጥቋጦ ይቀደዋል።

በመለያው ላይ 10,000 ወይም 20,000 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚጻፈው ጨርቁ ከማፍሰሱ በፊት ምን ያህል ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ እንደሚሸከም የሚገልጽ ልክ ነው። የሚወርደው ዝናብ ብቻውን ያን ያህል ጫና የለውም፤ ጫናው የሚመጣው ሰው በእርጥብ ነገር ላይ ሲቀመጥ፣ ሲንበረከክ ወይም የሻንጣ ማንገቻ ትከሻውን ሲጫነው ነው። ስለዚህ ለጃኬት 10,000 የሚበቃ ሲሆን፣ ለሱሪ ከዚያ ከፍ ያለ ቁጥር ወይም ሙሉ በሙሉ የተቀባ ጨርቅ ይፈለጋል። ሰዎች የሚያደርጉት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ለጃኬቱ ብዙ ከፍለው ሱሪውን ከርካሹ መደርደሪያ ያነሣሉ።

ከመግዛትዎ በፊት ልብሱን ገልብጠው ስፌቱን ይመልከቱ። እያንዳንዱ ስፌት ከውስጥ በኩል በቴፕ መሸፈን አለበት። አንዳንድ አምራቾች ትከሻውንና ቆቡን ብቻ ሸፍነው የብብቱንና የመቀመጫውን ስፌት ክፍት ይተዋሉ፤ እንዲህ ያለው ልብስ ከመኪና እስከ ቢሮ ድረስ ያገለግላል እንጂ ለታንኳ አይሆንም።

ሦስተኛ፦ ጃኬቱን ከእጅጌው ጀምረው ይመርምሩ

መቅዘፊያ የያዘ ሰው የላይኛው እጁ በየቅዝፈቱ እስከ ፊቱ ትይዩ ይነሣል። በመዳፉ ላይ ያለው ውኃ በእጅ አንጓው አድርጎ ወደ ክርኑ ይወርዳል፤ ጎን ሲቀያይር ደግሞ ሌላኛው እጅ ተራውን ይቀበላል። የእጅጌው ጫፍ ካልተዘጋ ከሥር የተለበሰው ሹራብ ብዙም ሳይቆይ እስከ ክርን ርሶ ይገኛል፤ ባለቤቱም ጃኬቱ በስፌቱ ያፈሰሰ ይመስለዋል። ላስቲክ ብቻ ያለው እጅጌ ይህን አይከላከልም። የሚፈለገው በቬልክሮ የሚጠብቅ ሰፊ ማሰሪያ ነው፤ ከውስጡ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ የኒዮፕሪን፣ ማለትም ስፖንጅ የሚመስል ጎማ፣ ቀለበት ቢኖረው ደግሞ የተሻለ ይሆናል። እጅዎን ወደፊት ዘርግተው እጅጌው ከአንጓዎ በላይ የሚሸሽ ከሆነ ሌላ ልክ ይሞክሩ።

ቆቡ ከጭንቅላት ጋር አብሮ መዞር አለበት። ጃኬቱን ለብሰው ቆቡን ካጠበቁ በኋላ ወደ ግራ ይመልከቱ፤ የሚታይዎ የቆቡ ውስጥ ከሆነ ከኋላ ተቀምጦ ታንኳውን ለሚመራው ሰው ይህ ጃኬት አደገኛ ነው፤ ድንጋዩንም ማዕበሉንም በጊዜ አያየውም። ግንባሩ የላላ ቆብ ያለውን ጃኬት ባለ ጥላ ኮፍያ ከሥሩ በማድረግ ማስተካከል ይቻላል፤ መነጽር ለሚያደርግ ሰውማ ይህ ኮፍያ የግድ ነው።

ርዝመቱ ዳሌን ሸፍኖ የሚቆም ይሁን። ያጠረው ወደፊት ባጎነበሱ ቁጥር ወገብዎን ይገልጣል፤ የረዘመው ደግሞ ከላይፍ ጃኬቱ በታች ይሰበሰብና ጫፉ በታንኳው ወለል ላይ ባለው ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። ከታችም የሚከፈት ባለ ሁለት አቅጣጫ ዚፕ ለሚቀመጥ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ንፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ዝናቡን ደረትዎ ላይ ስለሚመታው ዚፑን የሚሸፍን ተጨማሪ ጨርቅ ይኑረው። ኪሶቹ በላይፍ ጃኬቱ ሥር ስለሚደበቁ ለእነርሱ ብለው ገንዘብ አይጨምሩ።

ቀለሙን በተመለከተ ቢጫ፣ ብርቱካንማ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም ሰውን ከሩቅ ያሳያል። ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ የወባ ትንኝንና በጁን የሚበዛውን ነካሽ ጥቁር ዝንብ ይስባሉ፤ በነገራችን ላይ ዝናብ በሌለበት ምሽትም ቢሆን የዝናብ ጃኬት ከእነዚህ ነፍሳት ጥሩ መከላከያ ነው፤ ዘልቀው መንከስ አይችሉምና።

ፖንቾ የሚባለውን በአንገት የሚገባ ሰፊ ሸራ ለታንኳ አይግዙ። ንፋስ ያነሣዋል፣ የቀዛፊውን እጅ ያስራል፣ ታንኳው ከተገለበጠ ደግሞ ውኃ ውስጥ ባለቤቱን ይጠመጠማል። ጃንጥላም ቤት ይቅር።

አራተኛ፦ ለሱሪው ከጃኬቱ ያላነሰ ጊዜ ይስጡ

ዝናብ ባይዘንብም እንኳ መቅዘፊያው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር የሚንጠባጠበው ውኃ የሚያርፈው ጭን ላይ ነው። ሲዘንብ ደግሞ በጃኬቱ ላይ የሚወርደው ሁሉ ጭን መሐል ይጠራቀማል፣ ከዚያም መቀመጫው ላይ ኩሬ ይሠራል፤ ተጓዡም በዚያ ኩሬ ላይ ለሰዓታት ይቀመጣል። ከሁለት አንዱን ብቻ በጥሩ ዋጋ ግዙ ብባል ሱሪውን እመርጣለሁ።

መቀመጫውና ጉልበቱ በድርብ ጨርቅ የተጠናከረ፣ በመቀመጫው መሐል ስፌት የሌለው ወይም ስፌቱ በደንብ የተሸፈነ ሱሪ ይፈልጉ። የጀርባው ወገብ ከፍ ማለት አለበት፤ ዝቅ ያለ ወገብ ሲቀመጡ ወደ ታች ይሸሽና ከጃኬቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ባዶ ይተወዋል። እስከ ደረት የሚደርሰው ባለ ትከሻ ማንገቻ ሱሪ ይህን ችግር ጨርሶ ያስወግዳል፤ ሆኖም በፖርቴጅ ላይ ያሞቃል፣ ጫካ ውስጥ ለመጸዳዳትም ከላይ እስከ ታች መፈታት ይጠይቃል። በሜይና በሴፕቴምበር የባለ ማንገቻው ጥቅም ጉዳቱን ያስረሳል፤ በበጋ ግን ላስቲክና ገመድ ያለው ተራ ወገብ ይሻላል። የእግሩ ጫፍ ጫማ ሳያወልቁ ለመልበስ የሚያስችል ዚፕ ይኑረው፤ ከለበሱ በኋላም በቬልክሮ ይጥበቅ። ጉልበት ሲታጠፍ ጨርቁ እንዳይጨነቅ ከወትሮው አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው ይውሰዱ።

አምስተኛ፦ እጅና እግር

ስለ እግር ሁለት አካሄድ አለ፤ አንዱ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ አድርጎ ደረቅ መሆን፣ ሌላው ውኃ በሚያፈስ ጫማና በሱፍ ካልሲ እርጥበቱን ተቀብሎ መጓዝ ነው። በጁላይ ሁለተኛው ይመቻል፤ በቀዝቃዛ ወራት ቦቲው ይመረጣል። የሱሪው ጫፍ ሁልጊዜ ከቦቲው ውጭ ይውረድ፤ ወደ ውስጥ ከገባ ውኃውን በቀጥታ ወደ እግር ይመራዋል። ለእጅ ቀጭን የኒዮፕሪን ጓንት ይበቃል።

ስድስተኛ፦ ሱቅ ውስጥ ወለሉ ላይ ይቀመጡ

ላይፍ ጃኬትዎን ወደ ሱቁ ይዘው ይሂዱ። በሚኒሶታ ሕግ መሠረት በታንኳው ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሰው ልኩ የሆነ አንድ ላይፍ ጃኬት መኖር አለበት፤ ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ደግሞ ታንኳው እየተጓዘ ሳለ ለብሰውት መገኘት ይኖርባቸዋል። የዝናብ ጃኬቱ የሚለበሰው ሁልጊዜ ከላይፍ ጃኬቱ ሥር ነው፤ ከላይ ከተለበሰ በአደጋ ጊዜ ላይፍ ጃኬቱን ማጥበቅም መያዝም አይቻልም። ስለዚህ ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያ የዝናብ ጃኬቱን፣ ከዚያ ላይፍ ጃኬቱን ለብሰው ወለሉ ላይ ይቀመጡ፤ መቅዘፊያ የያዙ መስለው እጅዎን ያንቀሳቅሱ፣ ተንበርክከውም ይሞክሩ። የብብቱ ዚፕ በላይፍ ጃኬቱ ውስጥ ሆኖ የሚከፈት መሆኑን ያረጋግጡ። ሻጩ ቢገረም ይገረም።

ቤት ሲመለሱ ደግሞ ከጉዞው በፊት በሻወር ይፈትኑት። ውኃ ሲነካው በቀላሉ የሚያሳብቅ ግራጫ የጥጥ ቲሸርት ከሥር ለብሰው፣ ጃኬቱንና ሱሪውን ደርበው፣ እጅዎን እያነሡና እያወረዱ አሥር ደቂቃ ያህል ከሻወሩ ሥር ይቁሙ፤ ቀጥሎም ርጥብ ፎጣ ላይ ጥቂት ይቀመጡ። ሲያወልቁ የጠቆረው ቦታ የሚያፈስሰውን ስፌት ወይም ያልተዘጋውን እጅጌ ያሳይዎታል።

ሰባተኛ፦ ከሥር የሚለበሰውን ያስተካክሉ

የትኛውም የዝናብ ልብስ በላብም በዝናብም ጥቂት እርጥበት ማስገባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከሥሩ የሚለበሰው ርሶም ሙቀት የሚይዝ መሆን አለበት። ይህም ሱፍ፣ ፖሊስተር ወይም ፍሊስ ማለት ነው። ጂንስና የጥጥ ሹራብ ውኃ ይጠጡና ሰውነትን ያቀዘቅዛሉ። ከእኛ ሰዎች ጋቢ ይዞ መሄድ የሚወድ አይጠፋም፤ ድንኳን ውስጥ ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ እኔም አልቃወምም፤ ነገር ግን ጋቢ ጥጥ ስለሆነ ቀን ላይ ታንኳ ውስጥ ትከሻ ላይ ጣል ማድረግ አይገባም፤ አንዴ ከራሰ በዚያ አየር በቀናት ውስጥም ላይደርቅ ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሙሉ ቅያሪ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ይቀመጥ፤ ከምሽት በፊት፣ ድንኳን ውስጥ ሳይገቡ፣ አይፈታ።

ስምንተኛ፦ ጉዞ ላይ በጊዜው ይልበሱ፣ በጊዜው ያውልቁ

የዝናብ ልብሱ ከሻንጣው ሁሉ በላይ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ጃኬቱን ታንኳ ውስጥ ተቀምጦ መልበስ ይቻላል፤ ሱሪውን ለመልበስ ግን ወደ ዳር ይውጡ፤ በአንድ እግር ቆሞ ሱሪ ለማጥለቅ የሚታገል ሰው ታንኳውን ይገለብጣል። በዚህ ምክንያት ሰማዩ ሲጠቁር ጠዋቱኑ ሱሪውን ለብሶ መነሣት ይሻላል።

ፖርቴጅ ላይ ሲደርሱ ጉዳዩ ይገለበጣል። የመንገዱ ርዝመት የሚለካው ሮድ በሚባል መለኪያ ሲሆን አንድ ሮድ 5 ሜትር ያህል ነው፤ 100 ሮድ ማለት ግማሽ ኪሎ ሜትር ዳገትና ጭቃ ማለት ነው። ከመሸከምዎ በፊት የውስጡን ሹራብ ያውልቁ፣ ዚፖቹን በሙሉ ይክፈቱ። ታንኳውን በራሱ ላይ ደፍቶ የሚሸከመው ሰው ጣሪያ ስላለው ጃኬቱን ጨርሶ ማውለቅ ይችላል፤ ሻንጣ የሚሸከመው ግን ለብሶት መሄድ አለበት፤ ስለዚህ የሚቀዘቅዘውንና የሚያልበውን ሰው አይቶ ሸክሙን መከፋፈል ብልህነት ነው።

ነጎድጓድ ከሰሙ የልብስ ጥያቄ አበቃ፤ ወዲያውኑ ከውኃው ይውጡ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠብቁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1999 በዚህ አካባቢ ያለፈው የነፋስ ማዕበል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን የጣለው በበጋው አጋማሽ ነበር።

ዘጠነኛ፦ ከጉዞ መልስ

የተቀባ ናይለን ዋና ጠላቱ እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ መቀመጥ ነው። ፖሊዩሬታኑ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ይበሰብሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲዘረጋ ውስጡ ተጣብቆ፣ ተላልጦና ሸትቶ ይገኛል። ስለዚህ ቤት እንደገቡ አጥበው፣ ጥላ ውስጥ ሰቅለው፣ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ሳያጨማድዱ ቁም ሣጥን ውስጥ ያንጠልጥሉት።

ጎር-ቴክስና መሰሎቹ በውጭ በኩል ውኃን የሚያንከባልል ቅብ አላቸው። ቅቡ ሲደክም የውጭው ጨርቅ ውኃ ይጠጣል፤ ሽፋኑ ባያፈስስም ልብሱ ይከብዳል፣ ትንፋሹም ይቆማል። ቀድሞ ይህ ቅብ የሚሠራው ፒፋስ ከሚባሉ፣ በተፈጥሮ ከማይበሰብሱ ኬሚካሎች ነበር፤ አሁን ብዙ አምራቾች ትተዋቸዋል፣ ሚኒሶታም ፒፋስ ሆን ተብሎ የተጨመረባቸውን የጨርቅ ማከሚያዎች ሽያጭ ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከልክላለች። የዛሬው ቅብ ውኃን ይመልሳል፤ ዘይትን ግን እንደ ቀድሞው አይመልስም፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና የጥብስ ዘይት ቶሎ ያደክሙታል። ቶሎ ቶሎ በቀላል ሳሙና ማጠብና በልብስ መመሪያው መሠረት በዝቅተኛ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ ማዞር ቅቡን ያነቃቃዋል፤ ይህ ካልሠራ ከሱቅ የሚገዛውን አዲስ ማከሚያ ይረጩበት። ዲት የሚባል ኬሚካል ያለበት የትንኝ መድኃኒት ደግሞ ፕላስቲክ ስለሚጎዳ ጃኬቱን ሳይለብሱ ቆዳዎ ላይ ብቻ ተቀብተው እጅዎን ይጥረጉ።

የተላቀቀ የስፌት ቴፕ በማጣበቂያ ይመለሳል፤ ትንሽ ቀዳዳም ከውስጥ በኩል በሚለጠፍ ጨርቅ ይደፈናል። የተላላጠ የውስጥ ቅብ ግን መድኃኒት የለውም። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የሱሪው መቀመጫ ስለሆነ፣ ጃኬትና ሱሪ በአንድ ላይ ከሚሸጥበት ስብስብ ይልቅ ለየብቻቸው የሚሸጡበትን ቢመርጡ የሚተኩት ያለቀውን ብቻ ይሆናል።